መጋጠሚያ

ኦካያ ከተማ፣ ከሱዋ ሐይቅ ዳር፣
የሐር ትል ሲቀቀል በኖረበት መንደር፣
ክሩ ዱሮ ቀርቷል፤ ዛሬ የሚመዘዝ
ቀጭን ዘንግ ነው፣ ለትንሽ ሞተር የሚታዘዝ።
ግማሹ አሉሚኒየም፣ ግማሹ አይዝጌ ብረት፣
ስድስት ሚሊሜትር የሁለቱም ውፍረት።
በቀን አሥራ አንድ ሺህ። ደንበኛው ያዘዘው
በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ «እንዳይላቀቅ ነው»።

አሉሚኒየሙን በብረቱ ጉድጓድ ሰደዱት፤
ጥር ሲገባ ላልቶ በጣታቸው መዘዙት።
ሙጫውን ሞከሩ፤ ሙጫ ትዕግሥት ይሻል፣
አሥራ አንድ ሺህ ዘንግ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?
በጨረር በየዱት፤ አበራ፣ አማረ፤
እንደ ደረቅ ብስኩት በማግስቱ ተሰባበረ።

ከዚያ ይህች መጣች፣ ግራጫ መኪና፤
ብረቱ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሟል ቀና፤
ግንባር ለግንባር ሲነኩ ይጮኻሉ፤
አይቀልጡም፤ ይግላሉ፤ ይለዝባሉ።
ከዚያ፣ ቆም።
ድንገት። መሾር የለም።
መግፋት ብቻ፣ ከኋላ፣ በሙሉ ጉልበት፤
አንድ ተኩል ሴኮንድ፣ ከትንፋሽ ያጠረ ሰዓት።
ከመገናኛቸው ነጭ አንገትጌ ይወጣል፤
ያዘሉት ቅባት፣ ያቀፉት ዝገት በዚያ ይጠረጋል፤
ስለት መጥቶ ይላጨዋል፤
ዘንጉ ወደ ሣጥን ይንከባለላል።

ቶሚኮ ኮጉቺ፣ ሥልሳ አንድ ዓመቷ፣
ከመቶው አንዷን ዘንግ መስበር ነው ሹመቷ።
ጫፉን ትይዛለች በጉጠት መንጋጋ፣
ታጎብጠዋለች ጆሮዋን አስጠግታ፣ ቀስ አድርጋ።
ከመጋጠሚያው ላይ ከተላቀቀ ግን፣
መቶ ወንድሞቹን ይዞ ይገባል ቀይ ሣጥን።
አሉሚኒየሙ በጎኑ ከተቀደደ፣
ስፌቱ እንደያዘ ሌላው ከተናደ፣
«ጥሩ ነው» ትላለች፤ ትጽፋለች ቁጥር።
ሰው በስባሪ ሲደሰት አላየሁም፣ ከእሷ በስተቀር።

(ቅኔ ነው ብለህ ወርቁን አትቆፍር፤
ስለ ትዳር አይደለም፣ ስለ ዘንግ ነው የምናገር።
ቶሚኮ ባል ነበራት፣ የባንክ ጸሐፊ፤
ስሙን አንስታ አታውቅም፤ ነገሩም አላፊ።)

የካቲት ውስጥ፣ በሌሊቱ ፈረቃ፣
ሬናቶ ኦሺሮ፣ ከሎንድሪና የመጣ፣ ጨዋ፣ ጠንቃቃ፣
(አያቱ ከዚህ ሄዱ፣ እሱ ተመለሰ፤
ቋንቋው ግን መሀል ባሕር ላይ ፈሰሰ)
«ይበልጥ ይጥበቅ» ብሎ፣ በቅን ልቡና፣
ግማሽ ሴኮንድ ጨመረ ለግለቱ እንደገና።

ተሰበረ፣ ከስፌቱ። አንድ። ሁለት። ሰባት።
ቶሚኮ ተነሣች፤ በዚያ ነጭ መብራት
ስባሪውን ወስዳ በመዳፉ ደፋች፤
ፊቱ አመድ መስሏል። «አየህ?» አለች፣
በቁርጥራጭ ቃላት፦
«ብዙ ሲግል ያድራል በመሀል ሦስተኛ፣
ከሁለቱም ያልሆነ፣ ደረቅ፣ ምቀኛ።
ይንካ፣ ይጋል፣ ይቁም። ከዚያ ግፋው። በቃ።»
ልጁ ቁጥሩን መለሰ፤ መኪናዋ ነቃ።

ሲነጋ ወጡ። ሐይቁ፣ ስንት ክረምት ውሃ ሆኖ ከርሞ፣
ዘንድሮ ረግቶ ነበር፣ በዝምታ ታትሞ፤
በመሀሉ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ፣
ጉብ ጉብ ያለ የበረዶ ጠርዝ፣ እንደ ስፌት መንገድ።
«አምላክ ወደ ሚስቱ ተሻገረ» ይላሉ ሽማግሌዎች፤
ቶሚኮ ግን በሁለት መዳፎቿ አሳየች፦
ሌሊት ሲሰነጠቅ፣
ቀን ሲጋፋ፣ ሽቅብ ሲነጠቅ።
«አንገትጌ» አለ ሬናቶ፣ በፋብሪካው ቃል።
ሳቀች፤ ጉንጯን ብርድ ያቃጥላል።
«የኛን ስለት ይላጨዋል፤ ይህንን ማን ይቆርጠዋል?»
«ፀሐይ» አለችው፣ የብስክሌቷን ቁልፍ እየፈለገች።

በሳምንቱ ቀለጠ። አምላኩ የቱ ጋ እንደቀረ
ማንም አልጠየቀም፤ ፈረቃው ተቀየረ።
መኪናዋ ትጮኻለች፣ ትቆማለች፣ ትገፋለች፤
ቶሚኮ ከመቶው አንዷን ታነሣለች።