ያልተዘጋ ጥቅስ

ሆጤ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጫማ መሸጫው በላይ፣
ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣ መስኮታችን ምንም ሳያይ፣
እኔና ይመር ተጣላን። በገንዘብ አይደለም በጭራሽ፤
በአንዲት ምልክት ነበረ፣ በጥፍር ጫፍ በምትታሽ።

ሥራችን የጭነት መዝገብ ነው፤ ከኮምቦልቻ መጋዘን
ሐረጎን ዞሮ ለሚወጣው፣ ቆጥሮ መጻፍ፣ መመዘን።
ድሮ እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦

    መኪና.ጫን(ጤፍ)

ነጥብ፣ ቃል፣ ቅንፍ። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ስሙን አይክድም፤
አንባቢው እንግዳ ቢሆንም፣ ተሳስቶ ገደል አይወርድም።

ይመር አንድ ማታ አምሽቶ፣ ቃሌን ፍቆ፣ ቅንፌን ነቅሎ፣
በማግስቱ ጠበቀኝ፣ ሁለት ቀስት በቦታው ተክሎ፦

    መኪና « ጤፍ « ማሽላ « ሽንብራ

እይው፣ አለኝ፣ እንዴት ያምራል፤ እንደ ባቲ ግመል በተራ
አንዱ የአንዱን ጭራ ይዞ! ያንቺ ቅንፍ ትርፉ ድካም፤
በር ከፍቶ በር መዝጋት ነው፣ ሲገቡ ሲወጡ መድከም።
ወዛደሩ በየኩንታሉ፣ ጫንኩ ጫንኩ እያለ ይሸከም?

እውነቱን ነው፣ ያምራል።
ዐይኔ ወደደው። ጆሮዬን ግን ጎረበጠው።
በእኛ አፍ ግስ መጨረሻ ነው፦ መኪናው ላይ፣ ጤፉን፣ ጫን።
ሁሉም ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው ትእዛዝ የሚመጣው።
የእሱ ቀስት ግን መሀል ገብታ፣
እንደ ከብት ተራ ደላላ የሁለቱንም እጅ ጨብጣ...
ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት፤ ስንት ኩንታል? ብዬ ብጠይቅ
ሦስተኛ ነገር አትይዝም፤ ቁጥሩን የት ላድርግ፣ የት ልደብቅ?

ደግሞ እኮ፣ አልኩት፣ ይህቺ ምልክት እኛ ዘንድ ጥቅስ መክፈቻ ናት።
ከፍተህ ከፍተህ አልዘጋህም፤ ማን ይሆን የሚናገረው?
ጤፉ ነው፣ ሽንብራው፣ ወይስ መኪናው ነው ያማረረው?

ሳቀ። ተውኩት።
ስንፍናም አለበት መቼም፤ ማጠሯን ጣቴ ለመደ።

ሐሙስ ዕለት ጤፍ አለቀ። ይመር አስቀድሞ አስቦበት፣
ጤፍ ከታጣ ማሽላ ይሁን ብሎ፣ አንዲት ወይም ጽፎበት፦

    መኪና « ጤፍ ወይም ማሽላ

ሰው ሆኖ ላነበበው ልክ ነው፤ ማሽኑ ግን ይፈርዳል በሌላ።
ቀስት ከወይም ትቀድማለች፤ ታላቅ ሳለ ታናሽ አይቆርስም፤
የሌለውን ጤፍ ታነሣለች፤ ማሽላው ዘንድ ተራ አይደርስም።

አያ ይማም ሐረጎን ወጡ፣ ባዶ ካሶኒ እያንኳኳ፣
ሰኞ ገበያ ደርሰው ቆሙ፤ ወረቀቱን ቢያዩት ለካ
አንድ መስመር ብቻ፦ የተጫነ — ምንም።
እንዴ ልጄ፣ አሉኝ በስልክ፣ ምንም እኮ አይመዘንም!
ባዶውን ለምን ወጡ ታዲያ? ብላቸው፣
ተጭኗል ካለ ማሽናችሁ፣ እኔ ማን ነኝ የምከራከር?

አየህ? አልኩት ይመርን። ቃል ቢሆን ኖሮ፣ ቅንፉ
ወይምን ሆዱ ይዟት፣ መጀመሪያ ትፈታ ነበር።

መልስ አልሰጠኝም። ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።
ረቡዕ ማታ ጠይቆኛል፦ ጤፍ አለቀ እንዴ?
የእኔ መልስ ከሥሩ፦ ሙህዲን አለ።

እኔ አላልቼ ነበር የጻፍኩት፤ መጋዘን ጠባቂው ተናግሯል ማለቴ።
እሱ አጥብቆ አነበበው፤ ሙህዲን እዚያው አለ፣ እሱ ይጠብቅ ብሎ ተኛ።
ቀስት የለበት፣ ቅንፍ የለበት፤
ሁለት ፊደል፣ ያውም ቃል፣ ያውም በገዛ ቋንቋዬ።

ያን ቀን ብዙ አላወራንም።
እሱ ወይሟን በቅንፍ አጠራት፤ ቀስቱን ግን አልነቀለም።
እኔም ኩንታል ባለበት ሁሉ ጫንን መለስኩ፣ ሌላው ጋ አልደረስኩም።

ወረቀቱ ግድግዳችን ላይ ነው፣ ጥግ ጥጉን ጉሙ አርሶት።
የተጫነ — ምንም።
ከግርጌው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
የአያ ይማም ፊርማ አለ።