የደቻሳ ደወል

«በሐራጅ ገዛሁት» ይላል ደቻሳ፤
ደረሰኙን ያየ ግን አዳማ ላይ የለም።
ነሐስ ነው። ሁለት ሰው ተጋግዞ ያነሣዋል፤
የባቡሩ ጥላሸት ዛሬም ከውስጡ አልለቀቀም።

«ክንድ አይደለም የሚደውለው» አለኝ፣
«ንፋስ ነው።
ቫልቩን ስትከፍት ንፋስ ፒስተኑን ይገፋል፣
ፒስተን ምላሱን፣ ምላስ ከንፈሩን ይመታል፤
ንፋሱ ሾልኮ ይወጣል፣ ምላስ ወደ ቦታው ይገባል፤
ደግሞ ይገፋል።
እስክትዘጋው አይታክትም።
ጥሩምባ ‹ዞር በል› ይላል፤
ደወል ግን ‹መጣሁ› ይላል።»

መጀመሪያ ባጃጅ ላይ ሰቀለው፤
ጣሪያዋ ጎበጠ፤ ደግሞስ ባጃጅ ምን ትንፋሽ አላት?
ኋላ የልጁን የፊራኦልን አይሱዙ ለመነ፤
ፍሬኗ በንፋስ ነው፤
ከፍሬኑ ጋን ቀጭን ቱቦ ሳበለት።

ትራፊኩ አስቆማቸው፤ ዞረ፣ አየ፣ አንኳኳ፤
«መኪና ነው ወይስ የደብር መረዋ?»
ሳቁ አመለጠውና መንጃ ፈቃዱን መለሰ።

ቅዳሜ ከመቂ ሽንኩርት ጭነው ሲመለሱ፣
አሮጌው ጣቢያ ጋ፣ ማቋረጫው ላይ ሲደርሱ፣
ደቻሳ ቫልቩን ከፈተ።

ዘርትሁን ቃሪያዋን የምትዘረጋው ሐዲዱ መሐል ነው፤
ሣር ውጦታል፤ ባቡር ካለፈበት ስንት ዘመኑ ነው።
ደወሉን ሰማች።
ቀና አላለችም።
የሸራዋን አራት ጫፍ በአንድ እጇ ሰበሰበች፣
በሌላው የጎረቤቷን ልጅ ጎተተች፣
ከሐዲዱ ወርዳ ቆመች፤
የሌለውን ባቡር፣ ፉርጎ በፉርጎ፣ አሳለፈች።

ደቻሳ እጁ ቫልቩ ላይ ደረቀ።
«አባዬ፣ ዝጋው እንጂ!» ይጮኻል ፊራኦል፣
«የፍሬኑን ንፋስ ጨረስከው!»