«አንቺ» የሚለው ይውጣ

ጉደይቢያ ውስጥ ነው፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
ሁለት ወንበር ያላት፣ መስኮቷ ግንብ የሚያይ
አንዲት ክፍል አለችኝ። ቅባት እቀምማለሁ፣
ሐሙስ ማታ ከፍቼ ቅዳሜ እዘጋለሁ።
አሥር ዲናር ከፈልኩ፣ በስልክ ላስነግር፣
እንዲህ ብዬ ጻፍኩኝ፣ እጄ ሳይደናገር፦

«አንቺ የሰው ቤት ሠራተኛ፣
ጸጉርሽ በሻሽ ታፍኖ ያለቀ፣
ደመወዝሽ ለወር የማይደርስ፣
ነይ። በሰባት ቀን አበቅለዋለሁ። መቶ በመቶ።»

ከሥሩ ሁለት ፎቶ፣ በፊትና በኋላ።
(በፊት ያለችው እኔ ነኝ። በኋላም እኔው ነኝ።
በመሃል ያለው ግን ሰባት ቀን አይደለም፣ ስድስት ዓመት ነው።)

ሻዬን ሳልጨርሰው መልሱ መጣ በቀይ፣
«ውድቅ ተደርጓል» አለ፣ ፈራጁ ሳይታይ።
ፖሊሲ ይሉታል፤ በር የለው፣ ዘበኛ፣
አማላጅ የማይሰማ፣ ሌሊት የማይተኛ።
ተሳስቶ እንደሁ ብዬ መልሼ ላክሁለት፤
ውድቅ። ደግሜ ላክሁ። ውድቅ። በሦስተኛው ለት
አካውንቱን ልዘጋ ነው ሲል አስጠነቀቀኝ፣
አሥር ዲናሩ ሳይሆን እልሁ አነቀኝ።

ስልክ ጠጋኙ ኑረዲስ፣ መፍቻውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣
እስከ ታች አነበበው፤ እኔ ያላነበብኩትን።
«የተቆለፈ በር በትከሻ አይከፈትም» አለ።
«ሰባት ቀኑ ይውጣ፤ ጸጉር ቀጠሮ አያከብርም።
ፎቶዎቹ ይውጡ። መቶ በመቶውም።
ደግሞ ይሄ ቁጥር…»
ደወለ። ሙሐረቅ ያለ ዓሣ ሻጭ አነሣ፣
ዛሬ ሐሙር የለም አለን።
አምና የጣልኩት ሲም ነው፤ ለሌላ ሰው ተሽጧል።

«አሁን የቀረው፣ ‹አንቺ› የሚለው ይውጣ።»
«እንዴት ይወጣል? አውቃታለሁ እኮ!»
«ማወቅሽን አትንገሪያት ነው የሚለው።
በሕመሟ፣ በእምነቷ፣ በኪሷ ልክ
ጠቁመሽ አትጥሪያት።»

ዝም አልኩ።

እኔም በዚህ ሰፈር ማስታወቂያ ነበርኩ፣
በኤጀንሲው መስታወት ተለጥፌ የኖርኩ፦
«ዕድሜ ሃያ ሁለት፣ ቁመት መቶ ስልሳ፣
ሃይማኖቷ እንዲህ፣ ጤነኛ፣ ቶሎ የምትነሣ።»
ደሜን ቀድተው አዩት፣ ጥርሴን ቆጠሩልኝ፣
ያን ማስታወቂያ ግን ማን ውድቅ አለልኝ?
ከዚያም አራት ዓመት ስሜ ጠፍቶ ከቤት
«ኢንቲ!» ነበር ጥሪው፣ ከሳሎን እስከ ማጀት።
ኢንቲ ማለት አንቺ።

ሰረዝኩት።

«የጸጉር ቅባትና ሹሩባ። ጉደይቢያ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ።
ሐሙስ ማታና አርብ። ውጤቱ እንደ ሰዉ ይለያያል።»
ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ መድኃኒት ወረቀት።
«እንደገና ይታይልኝ» የሚለውን ነካን።
ኤሲው ባልዲ ላይ ሲንጠባጠብ አደረ፤
ስልኬን በደረቱ ደፍቼ ተኛሁ፣ እንደ ፈተና ውጤት ፈርቼው።
ሲነጋ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት።

ሦስት መቶ ሰው አየው አለኝ። ሰባት ነካው።
አንዷ «አድራሻ?» ብላ ጠፋች።
አንድ ወንድ ልብ ላከ።

ሐሙስ ማታ አንዲት ልጅ ደረጃውን ወጣች፣
የእመቤቷን ቀሚስ ከታች ሰጥታ መጣች።
ሾፌሩ ሞተር አላጠፋም፤ ሃያ ደቂቃ አላት።
ተቀመጠች። ሻሿን አልፈታችም።
«እንዲህ ሆነሻል እንዴ?» ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።
«ውኃው ሞቋል» አልኳት።
ቆይታ ፈታችው።

ሎሚ እባላለሁ አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።
ማስታወቂያውን አይተሽ ነው? አልኩ፣ አሥር ዲናሬን እያሰብኩ።
ስልኬን እመቤቴ ናት የምትይዘው አለች፤
ልብስ ሰፊው ነው የነገረኝ፤
ጎንበስ አለች ወደ ውኃው።