የወደብ ሒሳብ

ከሽምብጥ ዳር፣ ከአሳ አጥማጆቹ ማኅበር፣
ሦስት ሌሊት አደርኩ ከአንድ ስህተት ጋር።
ቀን ስፈትሸው ልክ፣ ሲመሽ ይዛባል፤
ያው ኮድ፣ ያው ቁጥር፣ ያው ማሽን፤
መልሱ ግን እንደ ጣና ነፋስ ይገለባበጣል።

የአንማው አርባ ኪሎ ቆሮሶ
ገደፋው ሲመዘን ጠፋ።
ሌባ የለ፣ በር አልተሰበረ፤
አንዱ ጻፈ፣ አንዱ ደረበበት።
ሁለት እጅ፣ አንድ ደብተር፣ በአንዲት ቅጽበት።

ይርሳውን ጠየቅሁት፣ የድሮውን ጸሐፊ፤
ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ የቆመ፣
ኮምፒውተር ሲያይ ዛሬም ባርኔጣውን የሚያወልቅ።
«ታንኳው ሁሉ አንዴ ሲደርስ ምን ታደርግ ነበር?»
«ለየሰዉ ቁራጭ ወረቀት። የጻፍኩትን አልሰርዝ፣
በሰው ቁራጭ ላይ አልጽፍ። ማታ እደምራለሁ።»
«ማን እንደቀደመስ?»
«ለድምሩ ምን ገዶት!»

ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ከኮዱ ቀደድኩት።
ለየታንኳው አንድ ፈንክሽን፤
ንጹሕ ይሉታል በትምህርቱ፤
የሰጡትን ተቀብሎ ይመልሳል እንጂ
እጁን አይሰድም ከጎረቤቱ።

ዓባይ ጣናን ሲያቋርጥ አይቀላቀልም ይላሉ፤
እውነቱን ውሃው ይወቅ፤
የእኔ ስሌቶች ግን ጎን ለጎን እንዲያ ያልፋሉ።
ማዕበሉን አልካድኩትም፣
ከዳር፣ ከድንጋዩ አቆምኩት፤
እዚያ ይፎክር፣ እዚያ ይምታ፤
ውስጥ ግን ሦስትና አራት፣
አራትም ቢቀድም፣ ሰባት።

«ነገ ማን ቀድሞ ይገባል?» ለሚለኝ
አንድ ስም አልሰጥም፤ ዝርዝር ነው መልሴ፦
ምናልባት አንማው፣ ምናልባት ገደፋው፣
ከደቅ በኩል ከነፈሰ፣ እንድሪስ።

ዛሬ ማታ አራቱ ገቡ።
አራት ቁራጭ ሞላ።
የእንድሪስ ታንኳ የለችም፤
ደንገሏ ውሃ ጠጥቶ ይሆን፣
እምቦጭ አንቆ ይዟት ይሆን፣
ወይስ ዘጌ፣ ዘመድ ቤት አድሮ ይሆን?
ድምሩ ይጠብቃል፤
ስክሪኑ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች።

ሊቀመንበሩ ደወለ፦
«ዜሮ በይና ዝጊው እንጂ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው!»
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ።
ዜሮ እኮ ወጥቶ፣ መረቡን ጥሎ፣
ባዶ እጁን ለተመለሰ ሰው ነው።

ይርሳው ከሚዛኑ ሥር ባትሪውን አነሳና
አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ውሃው ወረደ።
እኔ ከእንድሪስ ቁራጭ ላይ
ምንም አልጻፍኩም።