ሁለቱ ሽቦዎች

ከቢሽኬክ ወጥተን ቶ-አሹን ስንወጣ፣
የሙቀቱ ቀስት ድንገት ቁልቁል መጣች።
ከመሐል ነበረች፣ እንደ ሁልጊዜዋ፤
ወደ ሰማያዊው ወረደች ለብቻዋ።
«በረደልሽ እኮ!» አለኝ ነጋዴው ከኋላ፣
ጆንያ ድንች ታቅፎ፣ ሱፍ እየበላ፤
«ያባትሽ መኪና ሙቀት መች ያውቃል፣ ቡሩልቻ?»
እኔም ደስ አለኝ። ነዳሁ፣ ወደ ዋሻው ብቻ።

ከዋሻው በፊት ነው ሽታው የደረሰን፣
ጣፋጭ እንደ ከረሜላ፣ የሚያስነጥሰን።
ኮፈኑን ከፈትኩ። ጭስም እንፋሎትም የለ፤
የላስቲኩ ጋን ደርቋል፣ ከታች ቱቦው እንደቆሰለ።

ያኔ ነው የገባኝ፦ ቀስቷ አልዋሸችም፤
ውሃው ሲሸሻት እሳቱን አላየችም።
በሚነደው ብረት፣ በባዶው አየር፣
«ሰላም ነው» ትላለች፣ ያላትን ስትናገር።

ቀዩ መብራትስ? በጋኑ ሆድ ውስጥ
ትንሽ ተንሳፋፊ አለች፣ ከውሃው ጋር የምትሰምጥ፤
ከታች ስትደርስ መስመር ትበጥሳለች፣
ቀዩን መብራት ከዳሽቦርዱ ትቀሰቅሳለች።
ያን ያህል ነው ብልሃቱ፦ ሲጎድል፣ ጎደለ ማለት።
ታዲያ ምንድነው ምስጢሩ፣ ዝም ያለበት?

ሶኬቱ ተነቅሏል። ሁለቱ ሽቦዎች
ተላጠው ተገምደዋል፣ እንደ እህትማማቾች፤
በጥቁር ፕላስተር ሰባት ዙር ታስረዋል።
ያባቴ ቋጠሮ ነው፤ ጣቶቼ ያውቁታል።
መብራቱ ነዝንዞት፣ የጎደለው እንዳልጎደለ
አድርጎ ገመዳቸው፤ መስመሩን «ሙሉ ነኝ» አስባለ።

እንዲሁ ነበር እሱ። በየካቲት፣ ሳሉን አፍኖ፣
«ደህና ነኝ» ይል ነበር፣ ደሙን በመሐረብ ሸፍኖ።
ግንባሩን ዳስሼ፣ ሲቀዘቅዝ፣ «ተሻለው» ብዬ፣
እስኪነጋ ተኛሁ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ።

አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ብረቱ እስኪረጋጋ፤
ነጋዴው ጀሪካን ይዞ ወደ በረዶው ጅረት ተጠጋ።
ፕላስተሩን ከሽቦው ፈትቼ አወጣሁት፣
ያንኑ ሰባት ዙር ቱቦው ላይ ጠመጠምኩት።
ሶኬቱን መልሼ ቁልፉን ሳዞረው፣
ቀይ መብራት በራ፣ ስንት ዘመን የታፈነው።

ዋሻውን አልፈን ወደ ሱሳሚር ስንወርድ ቁልቁል፣
«ምናለ ብታጠፊው፣ ዓይኔን ወጋኝ» ሲል፣

እስከ ምልክቱ ጥቂት ይቀረዋል፣ አልኩት፤
ታች ወንዙ ጋ እንሞላለን።
እስከዚያው ተወው።
ይናገር።