የዘጠነኛው ተራ

በካዶማ ከተማ፣ በፋብሪካው ሦስተኛ ፎቅ፣
መብራት በማይጠፋበት፣ ቀኑ ከሌት በማይታወቅ፣
ቀይ ፕላስቲክ ነበር ሥራዬ፤ በምላጭ መቅደድ፣ መላጥ፣
ክፍል ሙሉ በተነጠፈ ካርታ ላይ እየዳኹ መቁረጥ።
ጎዳና የሚያህለው ሽቦ፣ አደባባይ የሚያህለው በር፣
ሲያሳንሱት፣ ሲያሳንሱት፣ ከትንሽ ጣቴ ጥፍር ያንስ ነበር።

ስሜ ሱሚኤ ነው። በዚያ ቺፕ ላይ ግን የለም፤
ምላጩ ሲስተኝ የፈሰሰ አንድ ጠብታ ደም
ከቀዩ ላይ ቀይ ሆኖ ማንም ሳያየው ደረቀ።
(እሱም ፎቶ ተነሥቶ ይሆናል፤ ማን ጠየቀ?)

መሐንዲሱ ኩራሞቺ፣ ሲጋራውን በሻይ ኩባያ የሚያጠፋ፣
ሲናገር ድምፁ የሚያንስ፣ ሲያስብ ግንባሩ የሚሰፋ፣
አንድ ቀን ከአለቆች ክፍል ወጥቶ፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ።
«አሥራ ስድስት ብዬ ነበር፤ ስምንት አሉኝ።
ሲሊከን ውድ ነው አሉኝ። ከጥፍር ላይ ጥፍር ተቆረጠ።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ቴሌቪዥን ሥዕል አይሥልም፤ መስመር ነው የሚያሰምረው፣
ፈር በፈር፣ ከላይ እስከ ታች፣ በጨለማ የሚዘምረው።
ለእያንዳንዷ ፈር ቺፑ ይጣራል፦ «እዚህ ላይ ማነው ያለው?»
ወፍ አለሁ ይላል፤ ዓሣ አለሁ፤ ጥይት፤ ጀልባ፤ ሰው።
እስከ ስምንት ይቆጥራል። ስምንት ወንበር ነው ያለው።
ዘጠነኛው አቤት ቢልም ሰሚ ጆሮ የለው።
አይሞትም፣ ይህን ልብ በሉ፤ አይወድቅም፤ አይቆስልም፤
መዝገቡ ላይ ስሙ አለ፣ መስኮቱ ላይ የለም።

የመጀመሪያው ጌም የወንዝ ነበር፤ የናጋራ ወንዝ በሌሊት፤
ችቦ የሰቀለ ባለጀልባ፣ ዓሣ የሚያወጡለት
አሥር ጥቁር ወፎች በገመድ። በአንድ መስመር ሲሰለፉ
ስምንቱ ይዋኛሉ፤ ሁለቱ ይጠፋሉ፣ ሳይሰናበቱ፣ ሳያኮርፉ፤
ገመዳቸው ባዶ ውኃ ይጎትታል።

ሰው የሚፈራው ስምንተኛውን ሺህ ነው፤
እኛን የጨረሰን ስምንተኛው ወፍ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከመታጠቢያ ቤት፣ ከሠራተኞች መኝታ፤
አንድ ገንዳ፣ ሃያ ሦስት ሴቶች፣ ሳሙና ይዘን በየማታ።
ኢትሱኮ፣ ያቺ ፀጉሯን በእርሳስ የምትጠቀልል ልጅ፣
ከኋላዬ ቆማ ስትጠብቅ፣ እግሯ ባዶ፣ ፎጣዋ በእጅ፣
«ተራ!» አለች። «ምን?» «ተራ ነዋ!»
ሮጠች። ፎጣው ወለል ላይ ቀረ፤
የቁልፍ ሰሌዳው እስኪነጋ ሲንጣጣ፣ ሲንጣጣ አደረ።

በሴኮንድ ስድሳ ጊዜ የስም ዝርዝሩን አሽከረከረችው፤
አሁን የቀረውን፣ ቀጥሎ፣ የመጀመሪያ አደረገችው።
ማንም ለዘላለም አይጠፋም፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይጠፋል፤
አንዱ ለአንዱ ወንበር ለቆ፣ ደግሞ በሌላው ወንበር ያርፋል።

ወፎቹ ይርገበገቡ ጀመር፣ ጋዝ እንዳለቀበት ኩራዝ።
«ተራ ነገር ነው» አሉ አለቆች።
ልክ ናቸው። ተራ ነው።
ኩራሞቺ ግን ቆሞ ቀረ፣ ሲጋራው ረጅም አመድ ሲይዝ፦
«ይርገበገባሉ፣ አዎ» አለ፤ «ግን አሥር ናቸው።»
እኔም ቆጠርኩ። አሥር።
ዓይናችን ነው ያኖራቸው።

አርባ ዓመት ሆነ። ኩራሞቺን ቀበርነው፤ ዝናብ ነበር።
ኢትሱኮ አግብታ ቶቶሪ ገባች፤ ካርድ ትልክልኛለች ለአዲስ ዓመት፤
አንዳንዱን ዓመት ይመጣል፣ አንዳንዱን ዓመት ይቀራል፤
እኔም ባልመጣበት ዓመት አለች እላለሁ፣ በርቀት።

ባለፈው ወር የወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ካናሜ፣ ስልኩን አቀበለኝ፦
«የድሮው ጌም ስህተት ነበረው፤ አሁን ተስተካክሏል» አለኝ።
የናጋራ ወንዝ፣ ችቦው፣ ጀልባው። አሥሩም በአንድ መስመር፣
ጥርት ብለው፣ ድርቅ ብለው፣ እንደ ተሰካ ምስማር።
አንዱም አይርገበገብ። አንዱም ለአንዱ ቦታ አይለቅ።
«ጥሩ ነው» አልኩት። ጥሩ ነው፤ ምን እላለሁ? ልጅ ይሳቀቅ?

ስልኩን ከመመለሴ በፊት ግን ዓይኔን አርገበገብኩ፤
ልማድ ነው።
አንዱ ሊያርፍ ይሆናል ብዬ
ትንሽ ጠበቅኩ።