ቀይ ማኅተም

ከዱሉዝ ስነሳ ሐይቁ ረግቶ ነበር፣
ብረት ጫኙ መርከብ በበረዶ እስር።
ሁለት ሻንጣ ይዤ፤ በአንደኛው ልብሴን፣
በሌላው ማጉያ፣ መለኪያ፣ ባትሪዬን።
ሙያዬ ቀላል ነው፦ ብረት ከብረት
በእሳት ሲጋባ፣ ጋብቻው እውነት
መሆኑን መመርመር፤ ስንጥቅ ካለበት
በጠመኔ ከቦ አይሆንም ማለት።

እዚያ የሚጋባ ብረት ስላለቀ፣
የእኔም ትዳር ከዚያ ቀድሞ ስለለቀቀ፣
ጎጄ ከምትባል የኮርያ ደሴት፣
መርከብ ከሚወልዱ ሰዎች ወደብ ቤት
ለሦስት ዓመት ብዬ መጣሁ በኮንትራት።
ይኸው ሰባተኛው። ኮንትራት ምን ያውቃል።

በመጣሁ ሳምንት ነው፤ ባንክ ቤት ገብቼ
ፊርማዬን አኖርኩኝ ደረቴን ነፍቼ፤
ከአባቴ የወረስኩት፣ ጅራቱ የረዘመ፣
እንደ ሐይቅ ማዕበል ጫፉ የጠመመ።
ልጅቷ ገልብጣ ገላብጣ አየችና፣
«ማኅተምዎስ?» አለች፣ በብዙ ትሕትና።

ወይዘሮ ኦክ ቡንናም፣ አከራዬ፣ ሰሙ፤
ጎትተው ወሰዱኝ፣ ከቀራጺው ደጅ ቆሙ።
ሎዌል ብራንድቮልድ ለምላሳቸው ዳገት፤
ተመካከሩና ቆራርጠው ጣሉት።
ከተረፈው ፍርፋሪ፣ አውራ ጣት በምታህል እንጨት፣
ሦስት ፊደል ወጣ፦ ሮ፣ ኡ፣ ኤል።
ቅድመ አያቴም ከኖርዌይ ሲሻገር
የወደብ ጸሐፊ ስሙን ገዝግዞታል ይሉ ነበር።
ተራው የእኔ ሆነ። ሳቅሁ።
ወይዘሮ ኦክ አልሳቁም፤ ሒሳቡን ከፈሉና
ከኪራዩ ጋር ደመሩት።

ሂምላል የሚባል በያጅ አለ፣ የኔፓል ሰው።
እኔ በገባሁበት ቀን፣ በዚያው በር ነው የገባው።
እሱም ገንዘብ ፍለጋ፣ እኔም ገንዘብ ፍለጋ፤
እሱም ሴት ልጅ አለችው፣ እኔም።
በወረቀት ላይ ግን
እኔ የውጭ አገር ባለሙያ፣ እሱ ስደተኛ ሠራተኛ።
ለእኔ ባሕር የሚያይ ፎቅ፣
ለእሱ ከሰባት ሰው ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱም ግድግዳ የሚያይ።
ማን ለካው? በምን መለኪያ?
ከሻንጣዬ ያለው ሁሉ ይህን አይለካም።

በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ በመርከቡ ሆድ ውስጥ፣
የሂምላልን ብየዳ አበራሁበት፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።
ጠመኔዬን አወጣሁ። ከበብኩ።
እሱ ክቡን አየ፣ እኔን አየ፣
ደመወዙን የሚቆርጠው አለቃ የሚመጣበትን ደረጃ አየ።
ቅጹ ላይ ሰዓቱን ሳልሞላ፣
ሲጋራ የማላጨሰው ሰውዬ
ሲጋራ ላጨስ ብዬ ወጣሁ።
ስመለስ ክቡ የለም፤ ስፌቱ ንጹሕ፣ ገና ትኩስ።
ማኅተሜን አሳረፍኩ። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣
ስሙ ዘምሞ ወጣ።
ሂምላል ግማሽ ብርቱካን ሰጠኝ፤ ዝም ብለን በላን።

ለአገሬ ግን ዛሬም በየዓመቱ ግብር እልካለሁ፤
የትም ብትሄድ አትለቅም፣ እንደ ጥላ ናት።
ቅጹ ማኅተም አይቀበልም፤ ፊርማ ይላል።
ዘንድሮ ብዕሩን አንስቼ
እጄ የጅራቱን መንገድ ጠፋበት፤
ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ሰው ሆንኩ።

ለልጄ ለዴላኒ በጻፍኩት ደብዳቤ ግርጌ
ሳላስበው ማኅተሙን መትቼ ላክሁ።
ደወለች። ሁሌም ከትናንት ውስጥ ነው የምትደውለው፤
እሷ ጋ ገና ማታ ነው።
«ይሄ ቀይ ነገር ምንድነው? ደም መሰለኝ።»
«ስሜ ነው» አልኳት።
ዝም አለች። ከበስተኋላዋ
የበረዶ መጥረጊያ መኪና መንገዱን ሲፍቅ ሰማሁ፤
ያን ድምፅ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።
«ቤት መቼ ትመጣለህ?»
አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ሁለት መንገድ ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣
ወይዘሮ ኦክ በሚያውቁት ስም ጠሩኝ፤
«ሮኡኤል! ዛሬ የጠርሙስ ቀን ነው!»
(ባለፈው ፕላስቲኩን ከአጥንት ቀላቅዬ
ከረጢቴን መልሰው በሬ ላይ ሰቅለውታል።)
«ማነው የጠራህ?» አለች ልጄ።
ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣
ጠርሙሶቹን እያንቃጨልኩ ወረድኩ።